እትዬ በለጡ ያዩት እሳት

ሰባት ቆርቆሮ ቀለም ክዳኑ ተከፍቶ ተደርድሯል። ሰገነት ሰዓቷን አየች።

«የትኛው ነው?» አላት ታዴዎስ።

«እሳት የሚመስለው።»

«ሁሉም እሳት ይመስላል።»

«በቃ፣ አንዱን ቀባውና ልሂድ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆች አወጣለሁ።»

ታዴዎስ አልቸኮለም። ቸኩሎም አያውቅም። ሲግናል ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ መኪና ይቀባል፤ ድሮ የሱቅ ታፔላ በእጁ ይስል ነበር። ያላየውን ነገር አይስልም። ስልክ ላይ ፎቶ ብታሳዩት «ይሄንን ስልኩ ራሱ ይሳለው» ይላችኋል። አንዴ አንበሳ ሳል ተብሎ ስድስት ኪሎ አንበሶቹ ፊት ሦስት ቀን ተቀምጧል። የካ ሚካኤል መውጫ ላይ ዳቦ ቤት አለ፤ ታፔላው ላይ ያለው ዳቦ አንድ ጎኑ ተገምጧል። ለምን ቢሉት፣ እየሳለው ራበው።

«ሰጊ፣ ስሚኝ። ያንን እሳት አይተሽዋል?»

«የቱን?»

«መኪናሽን የበላውን ነዋ!»

ሰገነት አላየችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰገነት ነጭ ሚኒባስ አላት። በአዘቦት ቀን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ትመልሳለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጠበልተኛ ይዛ እንጦጦ ትወጣለች። ረዳት የላትም፤ በር የምትከፍተውም የምትዘጋውም፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የምትለውም እሷው ናት። ሰዉ ይጠመቃል፣ ይጠጣል፣ ቤት ለቀረው በሽተኛ በቢጫ ጀሪካን ይቀዳል፣ አራት ሰዓት ገደማ ይወርዳል።

ከአምስት ሳምንት በፊት ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከጋቢናው ወንበር ስር ጢስ መጣ። መጀመሪያ ፍሬን መሰላት። ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ይሸታል። ከዚያ ጋቢና የተቀመጡት እትዬ በለጡ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እግሬን አቃጠለኝ እኮ» አሉ።

ጥግ ይዛ አቆመች። «ውረዱ!» ብላ ጮኸች። አሥራ አንዱም ተሳፋሪ ከነጀሪካኑ ወረደ፤ ጠበል ጥሎ የሚወርድ ሰው የለም። እሷ ወደ ኋላ ሮጠች። የእሳት ማጥፊያው ያለው ከመጨረሻው ወንበር ስር ነው። ቦሎ ሲደርስ ይወጣል፣ ይታያል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ጎትታ አወጣችው። ፒኑ ዝጓል። በጥርሷ ሞከረች። በድንጋይ መታችው። ተነቀለ። ስትጫነው አንድ ጊዜ «እህ» አለና ዝም። መሬት ጣለችውና በእርግጫ መታችው። ሁለቴ። ሦስቴ።

ዞራ ስትመጣ እሳት የለም። ጢስ አለ፣ ጭቃ አለ፣ አሥራ አንድ ባዶ ጀሪካን አለ። ሰዉ ለበሽተኛው የያዘውን ጠበል ሁሉ ደፍቶታል። የተቃጠለው ሽቦ ሆኖ ነው እንጂ ነዳጅ ቢሆን ኖሮ ውሃ አይመልሰውም ነበር፤ ይሄን በኋላ ኤሌክትሪሻኑ ነገራት። ሲነግራት ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

ሽቦው ተቀየረ። ወንበሩም ተቀየረ። የቀረው በሩ ነው። የጋቢናው በር ቀለም ከታች ጀምሮ ተላልጦና ጠቁሮ፣ እስከ መስኮቱ ድረስ ምላስ ምላስ እየሠራ ወጥቷል። ያየው ሁሉ «ነጭ አስቀቢውና እርሺው» አላት። መርሳቱን ግን አልፈለገችውም። አንዱ ለእናቱ፣ አንዷ ለልጇ የያዙትን መኪናዋ ላይ ደፍተውላት፣ እሷ ነጭ ቀብታ ልትረሳው? ምን ዓይነት ሰው ልትባል ነው?

ስለዚህ ታዴዎስን «የተቃጠለው ላይ እሳት ሳልልኝ» አለችው። በር ላይ ነበልባል የሚያስስለው ጎረምሳ ነው፤ የአርባ ዓመት ሴት አይደለችም። ታዴዎስ ግን አልሳቀባትም። በሩን በመዳፉ እየዳሰሰ ዞር ዞር አለና «እሺ። የጠፋ እሳት ነው የምስለው ማለት ነው። እሱን ስዬ አላውቅም» አለ።

እሱን እያሰበ ነው እንግዲህ አሁን ቆርቆሮ ደርድሮ የሚያደርቃት።

«አላየሁትም» አለችው በመጨረሻ። «ከኋላ ነበርኩ። ከዚያ ከተረገመ የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ጋር ስታገል።»

«ያየ ሰው አምጪ።»

«ታዲ፣ እሳት እኮ ነው! ቀይ ቀባው፣ ብርቱካናማ ጨምርበት፣ አለቀ!»

«ቀይና ብርቱካናማማ የጎረምሶቹ ዳማስ መኪና ላይ አለልሽ። የሱን ከፈለግሽ ስቲከር ግዢ።» ክዳኖቹን መልሶ መግጠም ጀመረ። «ያየ ሰው አምጪ። ቀለሙን እሱ ይመርጣል፣ እኔ እቀባለሁ።»

መኪናዋን አስነስታ ወጣች። መንገድ ተዘጋግቶ ቆማ ሳለ ደወለች። መጀመሪያ፣ ያን ቀን ከተሳፈሩት አንዱ፣ ጋሽ ገብረማርያም ጋ።

«አረንጓዴ ነው» አሉ።

«አረንጓዴ?»

«ልጄ፣ ተአምር ነው የሆነው። ተአምር ደግሞ አረንጓዴ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ቀጥላ ኪያ ጋ። ኪያ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቷ ትቀዳለች።

«ሶሪ ሰጊዬ፣ ሲሪየስሊ ከለሩን አላስታውስም። ቪዲዮ ልቀርጸው ብዬ ስልኬ ሞተብኝ።»

«መኪናዬ እየነደደ ቪዲዮ ልትቀርጪ?»

«ከደፋሁ በኋላ ነዋ!»

ጥሩብርሃን አስተማሪ ናት፤ ነገር አታበዛም። «ቀይ ነዋ» አለች። «እሳት ሌላ ምን ይሆናል?»

«አይተሽዋል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው የደፋሁት። ስሚ፣ እኛን ከምትጠይቂ እትዬ በለጡን አትጠይቂም? በሩ ስር የቆሙት እሳቸው ናቸው። ከሁላችንም በፊት ወርደው ከሁላችንም በኋላ ነው የሄዱት።»

ሰገነት ስልኩን ዘጋች። ይሄን ስም ነበር የፈራችው።

መኪናው ጥገና ላይ እያለ፣ እሳቱ በተነሳ በሳምንቱ፣ የሰው መኪና ለምና እንጦጦ ወጥታ ነበር። አሥራ አንድ ጀሪካን ቀዳች፣ ቤት ለቤት አደለች። «የዚያን ቀኑ ነው፤ ተመለሰ» እያለች። ሁሉም ጎትቶ አስገባት። ሁሉም አበላት። አምስተኛው ቤት ላይ በቃኝ ብትል ማን ሰምቷት። እትዬ በለጡ ብቻ በሩን ገርበብ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጀሪካኑን ተቀብለው፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ዘጉት። ግቢ እንኳ ሳይሏት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ደጅ ላይ ጠበል ያመጣ ሰው ግቢ ሳይባል ይመለሳል? የቀበሌ ቆጣሪ እንኳ ግቢ ይባላል።

መኪናው ከተጠገነ ወዲህ ሦስት ቅዳሜ ሆነ። ሌሎቹ ሁሉ ተመልሰዋል። እትዬ በለጡ ግን በእግራቸው ነው የሚወርዱት። ጀሪካኑን በነጠላ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ ባህር ዛፉን ተገን አድርገው። ሁለቴ አቁማ በር ከፍታላቸው ነበር፤ ሁለቴም በእጃቸው «ሂጂ፣ ሂጂ» አሏት።

ፈርተው ነው ብላ ነበር ያሰበችው። እግራቸው ስር ነው የተነሳው፤ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። ግን የሳቸው ቦታ ባዶ ሆኖ መኪናው ሞላ ለማለት አፏ እምቢ አላት። እሳቸው ተመልሰው እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ፣ ያንን ሁሉ ሰው አመስግና የጨረሰች አይመስላትም።

ልጆቹን አድርሳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሳቸው ቤት ሄደች። የግቢው በር ክፍት ነበር። ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው ጋሽ ተሾመ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዋን ፀሐይ ይሞቃሉ። የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ዓምና ግማሽ ጎናቸውን መታቸው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል፤ ምላሳቸው ግን ሙሉ ጤነኛ ነው።

«አንቺ ነሽ ባለመኪናዋ?» አሉ ገና ሳትገባ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። እንዴት ዋሉ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። መኪናው እንዴት ነው? ተጠመቀ አሉ። ክርስትና ስሙን ማን አላችሁት?»

ሰገነት ሳታስበው ሳቀች።

«አትሳቂ። በለጡ ያን ዕለት ባዶ ጀሪካን ይዛ፣ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባች። 'የት ሄደ ጠበሌ?' ብላት 'ቶዮታ ጠጣው' አለችኝ። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሆዴን እስኪያመኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ይሄው እስከ ዛሬ አልሳቀችም።»

እትዬ በለጡ ከጓዳ ብቅ አሉ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የሚያጣፉ ሴት ናቸው። ሰገነትን ሲያዩ ቆሙ።

«እትዬ፣ አላስቸግርዎትም» አለች ሰገነት። ቆማ ነው፤ ተቀመጪም አልተባለች። «መኪናውን እያስቀባሁ ነው። በሩ ላይ እሳት ላስስልበት ነው።»

«እሳት?»

«ያንኑ እሳት። እንዳልረሳው። ሰዓሊው ደግሞ ያየ ሰው ካልመረጠ አልቀባም አለኝ። ያየ ሰው የለም። ጋሽ ገብረማርያም አረንጓዴ ነው ይላሉ።»

«ገብረማርያም ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው የሚታየው» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«እርስዎ ነዎት ቅርብ የነበሩት።»

እትዬ በለጡ ነጠላቸውን ፈተው መልሰው አጣፉ።

«እኔ ምን አውቄ» አሉ።

«ሂጂ ወዲያ!» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ለኔ ሸሚዝ ስትመርጪ እኮ ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እኔ ምን አውቄ አላልሽም።»

ሰገነት ቸኮለች። መለመን አትችልበትም። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ልውሰድዎት?»

«አይ» አሉ ፈጥነው። «በራሴ እመጣለሁ። ቦታውን ንገሪኝ።»

በማግስቱ ሦስት ሰዓት አለፈ። ሦስት ተኩል ሆነ። ሰገነት ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ታዴዎስ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ የተላላጠውን አስተካክሏል፣ ስቱኮውን ጨርሷል፤ የተቃጠለውን ቅርጽ ግን በጠመኔ ዙሪያውን አስምሮ አስቀርቶታል።

«አይመጡም» አለች።

«ይመጣሉ። ቁጭ በይ፣ አቧራ አታስነሺብኝ።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መጡ። ከመኪናው ራቅ ብለው፣ የግቢው በር ጋ ቆሙ። ታዴዎስ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«እማዬ፣ ይሄን ቀለም ያጠፋነው እንደሆነ መልሰን እንፍቀዋለን። ስለዚህ አይጨነቁ። ብቻ ያዩትን ይንገሩኝ።»

ቁራጭ ላሜራዎች ላይ ከየቆርቆሮው አንድ አንድ ጣት ቀባና ፀሐይ ላይ ደረደራቸው። ጥላ ውስጥ የተመረጠ ቀለም ውጭ ሲወጣ ሰው ያዋርዳል፤ ይሄ የሥራው ሕግ ነው።

እትዬ በለጡ ቀስ ብለው ቀረቡ። ቀዩን አዩት።

«ይሄ አይደለም።»

«ቀይ አልነበረውም?»

«ቀይ እሳት ያለው ሥዕል ላይ ነው። የዚያን ቀን ቀይ አላየሁም።»

ታዴዎስ ቀዩን አነሳና ከኋላው ወረወረው። ሰገነትን በዓይኑ ጠቀሳት፤ አላልኩሽም ነው።

«ከታች ሰማያዊ አለ» አሉ እትዬ በለጡ። አሁን ዓይናቸው ላሜራው ላይ አይደለም። «ላምባ ምድጃ ሲለኮስ እንደሚያደርገው። ቀጭን ናት። ትንቀጠቀጣለች። ከሷ በላይ ቢጫ ነው።»

ቢጫው ላይ ችግር መጣ። ታዴዎስ ያለውን አሳየ። «ሎሚ ነው» አሉ። ብርቱካናማ ጠብ አደረገበት። «ይሄ ደግሞ ሽሮ ሆነ።» ነጭ ጨመረ። «አይ፣ አሁን ገረጣ።» እንደገና ቀላቀለ። አምስት ላሜራ ሞላ፤ ስድስተኛውን ጀመረ። ሰገነት ሌላ ቀን ቢሆን ጥላቸው በሄደች ነበር። ዛሬ ትንፋሿን ይዛ ነው የቆመችው። ሴትየዋ እያንዳንዱን እያዩ የሚመልሱት፣ ገበያ ላይ በርበሬ እንደሚመርጥ ሰው ነው፤ ምንም አያሳስታቸውም።

በመጨረሻ ግቢው ጥግ ላይ፣ ታዴዎስ ቲነር የሚያስቀምጥበትን አሮጌ ጀሪካን አዩ። ጣታቸውን ዘረጉ።

«እሱ ነው።»

«ጀሪካኑ?»

«ፀሐይ የመታው ጎኑ። ወደ ግድግዳው ያለው አይደለም።»

ታዴዎስ ጀሪካኑን አምጥቶ ላሜራዎቹ አጠገብ አቆመው። ቀላቀለ። ቀባ። አስተያየ። ጠብታ ጨመረ። ላሜራውን ጀሪካኑ ላይ ለጠፈው፤ ጠፋ። የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

«ኧረ እማዬ!» አለ ታዴዎስ። ደስታው ከልቡ ነው። «እኔ ሠላሳ ዓመት ከቀለም ጋር ኖሬ እንዲህ አላስተዋልኩም። እዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቆመው ይሄን ሁሉ እንዴት አዩት?»

ያለ ክፋት ነው የጠየቀው። እትዬ በለጡ ግን እንደተመቱ ሆኑ። ጎማ ቁልል ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸው ጎማውን እንደነካ እንኳ አላዩም።

«ቆሜ ነው ያየሁት» አሉ።

ታዴዎስ ላሜራውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሰዉ ሁሉ እየከፈተ ይደፋል። ገብረማርያም ደፋ። ያቺ የባንኳ ልጅ ደፋች። እኔ ጀሪካኔን አቅፌ ቆምኩ። 'ተሾመ ዛሬ ምን ይጠጣል?' አልኩ በሆዴ። 'ለብረት ልስጠው?' አልኩ። እነሱ ለብረት እየሰጡ፤ የነሱ በሽተኛ በሽተኛ አይደለም? እኔ ግን አቀፍኩት። እሳቱን እስኪበቃኝ አየሁት። እንደ ሰርግ ቤት ሰው ቆሜ።» ሰገነትን ቀና ብለው አዩ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው። «ከዚያ አንቺ ብትይ ጀሪካን ይዘሽ ቤቴ ድረስ ትመጫለሽ። 'የዚያን ቀኑ ነው፤ ተመለሰ' ትያለሽ። ምን ብዬ ግቢ ልበልሽ? በየትኛው ፊቴ መኪናሽ ውስጥ ልቀመጥ?»

ሰገነት ይሄን ሁሉ ጊዜ ፍርሃት ነው ብላ ነበር።

«ግን ደፍተዋል» አለች። «አሥራ አንዱም ባዶ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የሰበሰብኩት።»

«መጨረሻ ላይ።»

«ምን አስደፋዎት?»

እትዬ በለጡ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «አንቺን አየሁሽ። ከኋላ፣ ያንን ቀይ ጠርሙስ መሬት ጥለሽ በእርግጫ ስትይው። ጫማሽ ወልቆ በካልሲ። 'ይቺ ልጅ ያላት ይሄ ብቻ ነው' አልኩ። ያን ጊዜ ከፈትኩት።»

ታዴዎስ ወደ መኪናው ዞረ። የሚስቀው ይሁን የሚያለቅሰው አይታወቅም።

ሰገነት ቸኩላ ነው የምትናገረው ሁልጊዜ። አሁን ግን ሄዳ አጠገባቸው ጎማው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ በለጡ፣ እኔ ብሆን አልደፋም ነበር።»

«አትዋሺ።»

«ኪዳነምሕረትን! ባሌ ታሞ ቤት ተኝቶ፣ ለሰው መኪና? አቅፌ ቁልቁል ነበር የምሮጠው።»

እትዬ በለጡ አዩዋት። ፊቷ ላይ ውሸት ፈልገው አጡ። ትከሻቸው ወረደ፤ አምስት ሳምንት የተሸከሙት ነገር አብሮ የወረደ ይመስል።

«ወይ አንቺ!» አሉ።

«እውነቴን ነው። ስለዚህ ነው የማመሰግንዎት። ቀድሞ የደፋውማ ሳያስበው ነው የደፋው። እርስዎ አስበውበት ነው።»

ከዋናው መንገድ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። ሰገነት ሰዓቷን አላየችም።

ታዴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ሥራ ልጠይቅ። የርስዎ ውሃ የት ነው ያረፈው?»

እትዬ በለጡ ተነሱ። ሳይጠሩ፣ ሳይለመኑ፣ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ያን ቀን የቆሙበት ርቀት ላይ ቆሙና እጃቸውን አነሱ። «እዚህ ላይ። ከመስኮቱ ስንዝር ዝቅ ብሎ። ሌላው ሁሉ ከታች ነው የደፋው፤ ጫፉ ግን ገና ይነድ ነበር። እኔ ከፍ አድርጌ ጣልኩት። ነጭ ጢስ ሆነና ጠፋ።»

ታዴዎስ ያሉበት ላይ በጠመኔ አሰመረ። ራቅ ብሎ አየው። ቀረብ ብሎ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ነጩ አለ» አለ። «መኪናው ራሱ ነጭ ነው። ከታች ሰማያዊዋን ቀጠን አድርጌ፣ ከላይ የጀሪካኑን ቢጫ እያሳሳሁ እመጣለሁ። እዚህ ስደርስ እተወዋለሁ። ጫፉን አልቀባውም።»

«አዎ» አሉ እትዬ በለጡ። «አትቀባው።»

ሁለት ቀን ፈጀበት። ሰገነት አንድም ጊዜ ደውላ ቶሎ በል አላለችውም። ታዴዎስ ታመመች እንዴ ብሎ ራሱ ደወለላት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰዉ ተሰብስቦ በሩን ያያል። ከታች ሰማያዊ፣ ከሱ በላይ ቢጫ፣ ቢጫው ሽቅብ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ከመስኮቱ ስንዝር ሲቀረው ነጩ ውስጥ የሚጠፋ።

«አረንጓዴው የታለ?» አሉ ጋሽ ገብረማርያም።

«ቀይ ነበር እኮ» አለች ጥሩብርሃን።

«አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር» አለች ሰገነት።

«ዋው፣ በጣም ያምራል» አለች ኪያ፤ ዛሬ ስልኳ ቻርጅ አለው፣ ከሦስት በኩል አነሳችው። «ግን ያላለቀ ይመስላል። ጫፉ የለም።»

«አልቋል።»

እትዬ በለጡ ከላይኛው መንገድ መጡ። ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለዋል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ማንም ምንም አያውቅም፤ በዕድሜያቸው ነው። በሩን አንድ ጊዜ አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጀታውን ራሳቸው ከፍተው ጋቢና ገቡ። አዲሱን ወንበር በመዳፋቸው ተጫን ተጫን አደረጉት። እግራቸው ስር አዲስ የእሳት ማጥፊያ አለ፤ ከኋላ አይደለም።

«ይሄስ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ማን አየው?»

«ትናንት ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። የጎረቤቴን ልብስ ሁሉ ዱቄት አለበስኩት። ከዚያ በኋላ እንደገና አስሞላሁት።»

እትዬ በለጡ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው። ሰገነት ወደ እሳቸው ቤት አቅጣጫ አየች፤ ጋሽ ተሾመ በሰሙት ብላ።

ወጡ። ተጠመቁ። ቀዱ። አራት ሰዓት ላይ ቁልቁለቱን ጀመሩ። ሰገነት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ ከኋላ ጋሽ ገብረማርያም ስለ አረንጓዴው ለአዲስ መንገደኛ ያስረዳሉ። እሳቱ የተነሳባት ቦታ ደረሱ። መሬቱ ላይ ጥቁር ምልክት አሁንም አለ። አለፉት።

የሆነ ነገር እግሯን ነካት። አየች። ውሃ ነው። እትዬ በለጡ ሙሉውን ጀሪካን ጭናቸው ላይ አቅፈዋል፤ በየጉድጓዱ ከአፉ ጠብ ጠብ ይላል።

«እትዬ፣ ክዳኑ አልጠበቀም። እየፈሰሰብዎት ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «እኔ ነኝ ያላጠበቅኩት፤ ካስፈለገ ቶሎ እንዲከፈት።»